ስህተቱ ቺፑ ውስጥ ነው ወይስ ሽቦው ላይ? የማይክሮኮንትሮለር ዲባግ መሣሪያ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። ስለ ዲባግ (የፕሮግራም ስህተት ማደኛ) መሣሪያ አመራረጥ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አንብቤያለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ እስካሁን የምሠራው በፕሪንትኤፍ (ፕሮግራሙ ራሱ ጽሑፍ እንዲልክልኝ በማድረግ) ብቻ ነው። ምን ጎድሎብኝ ነው ፕሮብ (ኮምፒውተሩን ከቺፑ የዲባግ ፒኖች ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) የምገዛው?

ፕሪንትኤፍ አይናቅም። ሴንሰሩ ስንት እንዳነበበ፣ ፕሮግራሙ የት እንደደረሰ ለማወቅ ይበቃል። ችግሩ ጊዜ መብላቱ ነው። በሰከንድ 115200 ቢት ፍጥነት አንድ ፊደል ለመላክ 87 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጃል። 40 ፊደል ያለው አንድ መስመር ወደ 3.5 ሚሊሰከንድ ወሰደ ማለት ነው። ፕሮግራምህ መስመሩ ተልኮ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ከሆነ፣ በየሚሊሰከንዱ መሠራት የነበረበት ሥራ ሦስት ጊዜ አመለጠው። ለዚህ ነው አንዳንድ ስህተት ፕሪንትኤፍ ስታስገባ የሚጠፋው፣ ስታወጣው ተመልሶ የሚመጣው። ሃርድፎልት (ፕሮግራሙ ሊቀጥል የማይችልበት ከባድ ስህተት) ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ መስመሩ ከመውጣቱ በፊት ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ፕሮብ ካለህ ግን ቺፑ ስታክ (ጊዜያዊ ሜሞሪ) ላይ ያስቀመጠውን የፕሮግራም ካውንተር (ፕሮግራሙ የደረሰበትን አድራሻ) አንብበህ የወደቀበትን መስመር ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ ፕሮብና ሎጂክ አናላይዘር ልዩነታቸው ምንድን ነው? የቱን ላስቀድም?

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ጥያቄ ይሄ ነው። ፕሮብ የሚያየው የቺፑን ውስጥ ነው፦ ሬጅስተሩን፣ ሜሞሪውን፣ አሁን የቱ መስመር ላይ እንዳለ። ሎጂክ አናላይዘር ስለ ኮድህ ምንም አያውቅም። ሽቦው ላይ መቼ 1፣ መቼ 0 እንደነበረ ብቻ ይነግርሃል። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ራስህን ጠይቅ፦ አሁን ያስቸገረኝ ነገር ያለው ቺፑ ውስጥ ነው ወይስ ሽቦው ላይ?

አንድ ምሳሌ እንይ። በአይቱሲ (ቺፖች በሁለት ሽቦ የሚነጋገሩበት መንገድ) የተገናኘ ኤምፒዩ6050 ሴንሰር መልስ አልሰጥም አለ። አድራሻው በሄክሳ 68 ነው፣ ኮዱም ላይ 68 ተብሎ ተጽፏል። በፕሮብ ብታየው ኮዱ ትክክል ይመስላል፤ ፈንክሽኑ ስህተት አለ ብሎ ይመለሳል፣ በቃ። ሎጂክ አናላይዘሩን ስትሰካ ግን ሽቦው ላይ የወጣው አድራሻ 34 ሆኖ ታገኘዋለህ። ልክ ግማሹ! የኤስቲኤም32 (የኤስቲ ኩባንያ ማይክሮኮንትሮለር) ሃል ላይብረሪ (አምራቹ ያዘጋጀው ኮድ) አድራሻውን አንድ ቢት ወደ ግራ ገፍተህ እንድትሰጠው ይፈልጋል። አንተ ሳትገፋ ሰጠኸው። 34 የሚባል ማንም ስለሌለ መልስ በሚጠበቅበት በዘጠነኛው የክሎክ ምት ላይ ማንም አልመለሰም። እንዲህ ያለውን ነገር በፕሮብ ብቻ ስትፈልግ ቀኑ ሊመሽብህ ይችላል።

እንዲያም ሆኖ ፕሮቡን አስቀድም። ብዙ ጊዜ ቦርድህ ላይ አብሮ ይመጣልና ያለ ወጪ ታገኘዋለህ። ቀጥሎ ባለ 8 ቻናል፣ 24 ሜጋኸርዝ ሎጂክ አናላይዘር ያዝ። ፐልስቪው በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ለአይቱሲና ለዩአርት (ፕሪንትኤፍ ብዙ ጊዜ የሚወጣበት መስመር) ከበቂ በላይ ነው። ፈጣን ኤስፒአይ (ሌላው የቺፖች መነጋገሪያ) ላይ ግን ያንስሃል። ናሙና የሚወስድበት ፍጥነት ከሲግናሉ ቢያንስ አራት እጥፍ ይሁን።

ጥያቄ፦ ኤስቲ-ሊንክ፣ ጄ-ሊንክ፣ ሲምሲስ-ዳፕ... ግራ ገባኝ። የቱን ፕሮብ ልምረጥ?

እህቴ፣ መጀመሪያ ቺፕሽን እዪ። ኑክሊዮ (የኤስቲኤም32 መለማመጃ) ቦርድ ከሆነ ኤስቲ-ሊንኩ እላዩ ላይ አለ። ኢኤስፒ32-ኤስ3 እና ሲ3 ጄታጉን (የዲባግ መገናኛውን) ቺፑ ውስጥ ስለያዙ የዩኤስቢ ኬብል ብቻ ይበቃቸዋል። ራዝበሪ ፓይ ፒኮ ካለሽ ሌላ ሁለተኛ ፒኮ ላይ የፕሮብ ፈርምዌር ጭነሽ አንዱን በሌላው ዲባግ ማድረግ ትችያለሽ።

ከዚህ ውጪ ለመግዛት ከሆነ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ኤስቲኤም32 ላይ ብቻ ከሠራሽ ኤስቲ-ሊንክ። ከተለያየ አምራች ቺፕ እየቀያየርሽ ከሆነ ሲምሲስ-ዳፕ፤ ክፍት ፕሮቶኮል ስለሆነ ከኦፕን ኦሲዲ፣ ከፓይ ኦሲዲና ከፕሮብ-አርኤስ ሶፍትዌሮች ጋር ይግባባል። ቀን ከሌት የምትሠሪበት እንጀራሽ ከሆነ ጄ-ሊንክ ዋጋውን ያወጣል፤ ኮድ መጫኑ ፈጣን ነው፣ የሚያውቃቸው ቺፖችም ብዙ ናቸው። ርካሹ የትምህርት ስሪት ግን ለንግድ ሥራ አልተፈቀደም። ፈቃዱን ሳታነቢ ደንበኛ ፕሮጀክት ላይ እንዳትጠቀሚበት።

ኤትሜጋ328ፒ ቺፕ ያለው አርዱዪኖ ኡኖ ላላችሁ፦ ቺፑ ኤስደብሊውዲ (ባለ ሁለት ሽቦ የዲባግ መገናኛ) የለውም። ዲባግዋየር በሚባል መንገድ በሪሴት ፒኑ በኩል ነው የሚያወራው። ቦርዱ ላይ ሪሴቱ ጋ ያለው ካፓሲተር መንገዱን ይዘጋበታልና መስመሩን ቆርጣችሁ ነው የምትጠቀሙት።

ጥያቄ፦ ጄታግ ወይስ ኤስደብሊውዲ?

ኮርቴክስ-ኤም (እንደ ኤስቲኤም32 ባሉ ቺፖች ውስጥ ያለ የፕሮሰሰር ዓይነት) ላይ ኤስደብሊውዲ። ሁለት ሽቦና ግራውንድ ነው። ጄታግ የሚያስፈልገው ቺፑ ሌላ ካልደገፈ ወይም ብዙ ቺፕ በአንድ ሰንሰለት ከተያያዘ ነው።

ጥያቄ፦ ርካሽ ቅጂ ፕሮብ ብገዛ ችግር አለው?

ለመማሪያ ይሆናል። ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው የፒን ስምና ውስጡ ያለው ሊለያይ ይችላል። ከመሰካትህ በፊት ግራውንዱንና ቮልቴጁን በመልቲሜትር ለካ። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ የቦርድህን ቮልቴጅ አያነቡም፣ ዝም ብለው በ3.3 ነው የሚሠሩት። በ1.8 ቮልት የሚሠራ ቺፕ ላይ ከሰካኸው ልታቃጥለው ትችላለህ። ደህና ፕሮብ የቦርዱን ቮልቴጅ የሚያነብበት ፒን አለው። ያ ፒን የሚያነብ እንጂ ኃይል የሚሰጥ አይደለም፤ ሳይሰካ ከቀረ ፕሮቡ ቦርዱን እንደጠፋ ይቆጥረዋል።

ጥያቄ፦ ትናንት ይሠራ ነበር። ዛሬ ፕሮቡ ቺፑን አላገኘሁም ይላል። ሞተ እንዴ?

ብዙውን ጊዜ አልሞተም። ወይ ኮድህ የኤስደብሊውዲ ፒኖቹን ለሌላ ሥራ ወስዷቸዋል፣ ወይ ቺፑን ወዲያው እንቅልፍ ውስጥ ከቶታል። የሪሴት ሽቦውን ከፕሮቡ ጋር አገናኝና ሪሴቱ ተይዞ እያለ እንዲገናኝ አድርገው። ያኔ ኮድህ ገና ሳይጀምር ትይዘዋለህ። ካልሆነ ፍጥነቱን ወደ 100 ኪሎኸርዝ አውርድ፣ ሽቦውንም አሳጥር። ኤስቲኤም32 ላይ የንባብ መከላከያውን ደረጃ 2 ካደረግከው ግን በአብዛኞቹ ቺፖች ላይ መመለሻ የለውም።

ጥያቄ፦ ብሬክፖይንት አልቋል ይለኛል።

ብሬክፖይንት ፕሮግራሙ እንዲቆም ምልክት ያደረግክበት መስመር ነው፤ የሃርድዌሩ በቁጥር የተወሰነ ነው። ኮርቴክስ-ኤም0 ቢበዛ 4፣ ኤም3 እና ኤም4 በተለምዶ 6፣ የመጀመሪያው ኢኤስፒ32 ደግሞ 2 ብቻ አላቸው። የማትፈልጋቸውን አጥፋ። ዋችፖይንትንም ልመድ፤ አንድ ቫሪያብል እየተበላሸ ማን እንደሚያበላሸው ካላወቅክ፣ የጻፈበት ኮድ ላይ አንቆ ያቆምልሃል። ከብሬክፖይንት ይበልጥ የምወደው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ሞተር የሚነዳ ቦርድ ላይ ብሬክፖይንት ማድረግ እችላለሁ?

ወንድሜ፣ ቆም በልና አስብ! ሲፒዩው ሲቆም ታይመሩ አይቆምም። ፒደብሊውኤሙ (ሞተሩን የሚነዳው የበራ-ጠፋ ምት) በመጨረሻው ዋጋ ይቀጥላል፣ ከረንቱን የሚቆጣጠረው ኮድ ግን የለም። ሞስፌት (ለሞተሩ ኃይል የሚያበራው ትራንዚስተር) የሚቃጠለው በዚህ ጊዜ ነው። ታይመሩን አብሮ ማስቆምም ብቻውን አይበቃም፤ መውጫው ከፍ እንዳለ ከቆመ ጉዳቱ ያው ነው። ሲቆም መውጫዎቹ እንዲጠፉ አስተካክል። ከዚያ ይልቅ ግን ሳታቆም ተመልከት። አርቲቲ የሚባለው ዘዴ በፕሮቡ በኩል መረጃውን ከሜሞሪ ላይ ስለሚያነብ ፕሮግራሙን ብዙም አይነካውም፣ ኤም0 ላይም ይሠራል። ኤስደብሊውኦ (ቺፑ በአንድ ተጨማሪ ፒን መረጃ የሚያወጣበት) ጥሩ ነው፣ ኤም0 ላይ ግን የለም።

ቦርዱ ከግድግዳ መብራት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ከሆነ ደግሞ አይሶሌት የተደረገ (ቦርዱንና ላፕቶፑን በኤሌክትሪክ የሚለይ) ፕሮብ ሳይኖርህ ላፕቶፕህን አትሰካ። ሊገድልህ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኦሲሎስኮፕስ?

የቮልቴጁ ቅርጽ ሲያጠራጥርህ። ለምሳሌ ዋይፋይ ሲበራ ኃይሉ ዝቅ ብሎ ቺፑ ሪሴት ካደረገ፣ ሎጂክ አናላይዘር ያን ቁልቁለት አያሳይህም።

ጥያቄ፦ የራሴን ቦርድ እየነደፍኩ ነው። ለዲባግ ምን ላስቀምጥ?

ሁለቱን የኤስደብሊውዲ ፒኖች፣ ሪሴት፣ ግራውንድና ቮልቴጅ አውጣ። ባለ 10 ፒኑ 1.27 ሚሊሜትር ኮኔክተር የተለመደ ነው። ቦታ ካጣህ ባዶ ፓድ ብቻ ተው፣ ሽቦ ይበየድበታል። የዩአርት መላኪያውንም አትርሳ። ከተቻለ አንድ ሥራ የሌለው ፒን ለብቻው አውጣ። ኢንተረፕት (ዋናውን ሥራ አቋርጦ የሚገባ ኮድ) ሲጀምር ከፍ፣ ሲጨርስ ዝቅ ታደርገዋለህ። ከማይክሮሰከንድ በታች ነው የሚፈጅብህ፣ ሎጂክ አናላይዘሩ ላይ ደግሞ ሥራው ስንት ጊዜ እንደወሰደ ቁልጭ ብሎ ይታያል።