አንድ መጋዝ ለእንጨትም ለብረትም ይሆናል?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጸሐፊዋ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የፈርኒቸር ሥራ ደረጃ 3 ጨርሳለች፤ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተናውንም አልፋለች። «አሁን ሰው የሚፈልገው እግሩ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ)፣ ላዩ እንጨት የሆነ ጠረጴዛና መደርደሪያ ነው» ትላለች። «ያጠራቀምኩት ብር የሚበቃው ለአንድ ማሽን ብቻ ነው። የእንጨት ሰርኩላር (በሞተር የሚዞር ክብ መጋዝ) ገዝቼ ብሌድ እየቀየርኩ ብረቱንም ብቆርጥበት ይሆናል? ወይስ እንጨቱን ትቼ ወደ ብረታ ብረት ልግባ? አጎቴ ደግሞ ግራይንደር ግዢ፣ ሁሉንም ይቆርጣል ይለኛል።»

እህቴ፣ ከመጋዙ ልጀምር። የሙያ ምርጫ ቢሳሳት ይታረማል። መጋዝ ላይ የሚሠራ ስህተት ግን ጣት ያስከፍላል።

የተለመደው የእንጨት የእጅ ሰርኩላር 185 ሚሊ ሜትር ብሌድ አለው። ጭነት ሳይኖረው በደቂቃ ከ5,000 ዙር በላይ ይዞራል። ይህን ብታሰይው የጥርሱ ጫፍ በሰከንድ 50 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ለእንጨት ጥሩ ነው፤ ቁርጡ ንጹሕ ይወጣል። በጥርስ ብሌድ ብረት የሚቆርጡትን ትላልቅ ማሽኖች ደግሞ ተመልከቺ። ብሌዳቸው 355 ሚሊ ሜትር ሆኖ የሚዞሩት በደቂቃ 1,300 አካባቢ ነው። የጥርሱ ጫፍ በሰከንድ 24 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ምክንያቱ ሙቀት ነው። ጥርሱ ብረት ላይ ከልክ በላይ ሲፈጥን ይግላል፣ ይደነዝዛል፣ ጫፉ ላይ የተለጠፈው ካርባይድ የሚባል ጠንካራ ቁስ ይሸረፋል። የተሸረፈችው ቅንጣት የት እንደምትበር ማንም አያውቅም።

ጥርሱም ይለያያል። የእንጨት ብሌድ ጥርሱ ጥቂት ነው፤ ወደ ፊት አዘንብሎ እንጨቱን እየነከሰ ይሄዳል። የብረት ብሌድ ጥርሱ ብዙና ጠንከር ያለ ነው፤ ያን ያህል አያዘነብልም። የጠረጴዛ እግር የሚሆነው ቱቦላሬ ግድግዳው 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ያ የሚነክስ ጥርስ ስስ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ይይዘዋል። ሲይዘው ማሽኑ ወደ አንቺ ይዘላል።

ስለዚህ ብሌድ ብቻ መቀየር ፍጥነቱን አይቀይረውም። የብረት ብሌድ ብትገዢም ላዩ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ዙር አንብቢ። የማሽንሽ ዙር ከበለጠ አይገባም። (አልሙኒየም ለስላሳ ስለሆነ የተለየ ነው። ለእሱ የተሠራ ብሌድ ተገጥሞና ዕቃው በደንብ ታስሮ በእንጨት ማሽን ይቆረጣል። የአንቺ ጉዳይ ግን ብረት ነው።)

ጥርስ ያለውን ትተው የግራይንደር ዓይነት መቁረጫ ዲስክ የእንጨት ሰርኩላር ላይ የሚያስሩም አሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በወጣትነቴ የሠራሁበት ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ሥራ ተጣደፈና እንዲሁ ተደረገ። ፍንጣሪው በማሽኑ ሽፋን ውስጥ የተጠቀጠቀው ሰጋቱራ ላይ ያርፍ ነበር። ማታ ዘግተን ሄድን። ጎረቤት ጭስ ሸቶት ባይጠራን ኖሮ ቤቱ ይነድ ነበር። ሰጋቱራ ነበልባል ሳያሳይ ለሰዓታት ውስጥ ውስጡን ይጤሳል። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰኞ የሚያስረክበው ዕቃ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ማንም ወጣት «ለዛሬ ብቻ» ሲለኝ ያ ጭስ ይሸተኛል። በዚያ ላይ የእንጨት ማሽን ሽፋን የሚሰበር ዲስክ እንዲያግድ አልተሠራም። የብረት ብናኝም ሞተሩ ውስጥ ይገባል።

አጎትሽ ብረቱ ላይ ልክ ናቸው። ግራይንደር የብረት መሣሪያ ነው። እንጨት ላይ ግን እባክሽ አትስሚያቸው። ትንሹ 115 ሚሊ ሜትር ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይዞራል። እንጨት ላይ የሚያርፍና ልኩን የሚጠብቅ ጠፍጣፋ መቀመጫ የለውም። የእንጨት ጥርስ ያለው ዲስክ ታስሮበት እንጨቱ ሲነክሰው እጅሽ ሊይዘው አይችልም። ይህን ለማንም አልመክርም፣ ለልምድ ባለቤትም ቢሆን።

ታዲያ ሁለቱንም የሚቆርጥ መጋዝ የለም? አለ። ኤቮሉሽን የሚባለው የእንግሊዝ ሼፊልድ ኩባንያ «ሬጅ» በሚል ስም እንጨት፣ አልሙኒየምና ለስላሳ ብረት በአንድ ብሌድ የሚቆርጡ መጋዞች ይሠራል። ዘዴው ዙሩን መቀነስና ብሌዱን ለብረት አስቦ መሥራት ነው። 255 ሚሊ ሜትር ብሌድ ያለው በደቂቃ 2,500 ዙር ገደማ ነው የሚዞረው። ብረቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ለጠረጴዛ እግር ይበቃል። እንጨቱን ግን ለእንጨት ብቻ የተሠራው ብሌድ በጥሩ ማሽን የሚያወጣውን ያህል አያለሰልሰውም። ይህን ማሽን ካሰብሽ ስለ ማሽኑ ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት ስለ ብሌዱ ጠይቂ። ሲያልቅ እዚያው ደሴ ወይም መርካቶ የምታገኚው ካልሆነ ማሽኑ ቆሞ ይቀራል። ከእንጨት ወደ ብረት ስትዞሪም ሰጋቱራውን ጠርገሽ ነው። ትኩስ የብረት ቅንጣት ሰጋቱራ ከያዘ ከረጢት ጋር አይገናኝ።

ግን እኔ ብሆን ይህንንም ዛሬ አልገዛም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ብረቱን ከቆረጥሽው በኋላ በምን ልትበይጂው ነው? ከመጋዙ ቀጥሎ የብየዳ ማሽን፣ ኤሌክትሮድ፣ የፊት መከላከያ፣ ብየዳውን የሚያስተካክል ግራይንደር፣ ቀለም ይመጣል። መቁረጡ ከሥራው ትንሹ ነው። በአንድ ማሽን ሁለት ሙያ የሚገኝ መስሎሽ ነበር፤ የምታገኚው ግን የሁለተኛውን ሙያ መግቢያ ብቻ ነው።

ስለዚህ እንጨቱን አትተዪ። ፈተና ያለፍሽበት እጅሽ እሱ ነው። ደህና የእንጨት ሰርኩላርና ሁለት ብሌድ ግዢ፤ አንዱ ለቀጥታ ስንጠቃ፣ አንዱ ጥርሱ ብዙ የሆነ ለኮምፐንሳቶና ለኤምዲኤፍ (ተጣብቀው ወይም ተጨምቀው ለሚሠሩ የእንጨት ሰሌዳዎች)። እግሩን ሠፈርሽ ያለ በያጅ ይሥራልሽ። ልኩን በወረቀት ስለሽ ስጪው፤ በቃል አትንገሪው። ዋጋውን ከደንበኛሽ ሂሳብ ላይ አስቀድመሽ አስገቢ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ጠረጴዛዎች እንዲህ ሥሪ። ብሩ እስኪመለስ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን በበያጁ ቤት ቆመሽ ለመሥራት ጠይቂ። ማዕዘን እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ብረት ሲበየድ ወዴት እንደሚጣመም እዚያ ታያለሽ። ለልምምድ አራት እግር መቁረጥ ካስፈለገሽ በኢንች 24 ጥርስ ያለው የእጅ የብረት መጋዝ ይበቃል። ክንድሽ ይደክማል፣ ቁርጡ ግን ይገባሻል።

ተቀጥሬ ልጀምር ካልሽም ኮምቦልቻ ቅርብሽ ናት። እንጨት የሚያውቅና የብረት ሥዕል አንብቦ ከበያጅ ጋር የሚግባባ ሰው ይፈለጋል። አንድ ቀን ኃላፊው «በዚያችው ብሌድ ብረቱን ቁረጪው» ሊልሽ ይችላል። አዲስ ሠራተኛ ስትሆኚ፣ ሴትም ስትሆኚ፣ እምቢ ማለት ይከብዳል። አውቃለሁ። ክርክር አትግጠሚ። «ጋሼ፣ ብሌዱ ላይ የተጻፈው ዙር ይኸው፣ ማሽኑ ላይ ያለው ደግሞ ይኸው» ብለሽ አሳዪያቸው። ለመቁረጫ ዲስክም እንዲሁ ነው፤ መሃሉ ካለው የብረት ቀለበት ላይ የሚያበቃበት ጊዜ ይታተማል። ቁጥር እያሳየ የሚናገርን ሰው ሰነፍ ለማለት ይከብዳል። ደህና ኃላፊ ከሆኑ እንዲያውም ያከብሩሻል። ካልሆኑ ያንን ቤት ብትለቂው ይሻልሻል።

መነጽር ሳታደርጊ ማሽን አታስነሺ። ጸጉርሽን እሰሪ፣ የሻሹን ጫፍ ወደ ውስጥ ክተቺ፣ የሚዞር ብሌድ አጠገብ ሰፊ ጓንት አታድርጊ።

ለበያጁ የመጀመሪያውን ልክ ስትጽፊ ደግሞ የላዩን እንጨት ውፍረት ቀንሺ። ጠረጴዛው 75 ሴንቲ ሜትር እንዲቆም ከፈለግሽና እንጨቱ 3 ሴንቲ ከሆነ፣ ወረቀቱ ላይ የምትጽፊው የእግር ቁመት 72 ነው።