የቅድመ አያትህ ጠመንጃ ከየት መጣ? ስንትስ ያወጣል?

ወንድሜ፣ ከወገልጤና የላክኸውን ፎቶ አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት። «ቅድመ አያቴ አድዋ ላይ የማረኩት ነው ይባላል፤ የየት አገር ሥራ ነው? ስንት ያወጣል? ዝገቱንስ በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍገው?» ነው ያልከው። ከመጨረሻው ልጀምር፤ እባክህ አትፈግፍገው! ጠመንጃው የሚመሰክረው በዚያ ዝገት ሥር ባለችው ጽሕፈት ነው። ብረቱን አብረቅርቀው፣ ሰደፉን ቫርኒሽ ቀብተው የመጡ ብዙ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያነባቸው አይችልም።

ጠመንጃህ የጣሊያን ካርካኖ ነው፤ አጭሩ፣ ለፈረሰኛ የተሠራው። ሳንጃው ከአፈሙዙ ሥር ታጥፎ ይተኛል፣ የማቀባበያው እጀታ ወደ ታች ጎብጧል፣ ካዝናው ከቃታው ፊት ወጣ ብሎ ይታያል፣ ስድስት ጥይት ከነማያዣው ይጎርሳል። ጥይቱ ቀጭን ነው፣ 6.5 ሚሊ ሜትር። ካርካኖ በፈረንጅ 1891 የወጣ ሞዴል ስለሆነ ሰው ሁሉ ለአድዋ ይሰጠዋል።

ያንተ ግን አድዋን አላየም። በሦስተኛው ፎቶ ላይ፣ ከማነጣጠሪያው ወደ ኋላ፣ «ብሬሻ» የሚለው የጣሊያን ከተማ ስምና በፈረንጅ 1937 ይታያል፤ አጠገቡ በሮማውያን አኃዝ አሥራ አምስት አለ። እሱ የሙሶሊኒ ዘመን አቆጣጠር ነው። ፋሺስቶቹ ሥልጣን የያዙበትን የፈረንጆች 1922 ጥቅምት መነሻ አድርገው ዓመት ይቆጥሩ ነበር። ሁለቱን ስታገናኛቸው በእኛ 1929 ዓ.ም. አካባቢ ይመጣል። አድዋ 1888 ነው፤ ማይጨው እንኳ በመጋቢት 1928 አልፏል።

የአድዋ ዘመን መሣሪያ ሌላ መልክ አለው። ከእኛ ሰው እጅ ብዙ የነበረው ውጅግራ ነው፤ የፈረንሳይ ሥራ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ በፈረንጅ 1874 የሚል የሞዴል ዓመት የተቀረጸበት። ጣሊያኖቹም አድዋ ላይ በብዛት የያዙት ካርካኖን ሳይሆን የቀደመውን ቬተርሊ ነበር፤ 10.35 ሚሊ ሜትር፣ ጥይቱ አውራ ጣት የሚያህል። እዚህ እኛ ዘንድ ደግሞ «የመቅደላ ነው» የሚባል ጠመንጃ በየቤቱ አለ። በ1860 እንግሊዞች መቅደላ ላይ የተኮሱበት ስናድር ከላይ ወደ ጎን የሚከፈት ክዳን አለው፤ ያ ክዳን ከሌለው ስናድር አይደለም።

አብሽር፣ ይህ ቤተሰብህን አያሳንስም። ቅድመ አያትህ አድዋ ዘምተው ሊሆን ይችላል፤ ይህን ጠመንጃ ግን ያገኙት እሳቸው ወይም ልጃቸው በወረራው ዘመን ወይም ከዚያ በኋላ ነው። አርበኛው ከጠላት እየነጠቀ የታጠቀው ይህንኑ ነበር። በሚያዝያ 1933 ደሴ ስትለቀቅ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር የጣሊያን ጦር እዚያው እጁን ሰጥቷል፤ መሣሪያው ከዚያም የመጣ ሊሆን ይችላል። እውነቱን ለመናገር ባንዳውም የታጠቀው ይህንኑ ነው። ብረቱ የትና መቼ እንደተሠራ እንጂ ማን እንደያዘው አይነግርህም። እሱን የሚነግሩህ አክስትህ ናቸው። «አድዋ ነው አይደል?» ብለህ አትጠይቃቸው፤ «ማን አመጣው? ከየት ሲመለስ? ያኔ እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነበር?» በላቸው፣ ድምፃቸውንም ቅዳ።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ደላላ የሚጠራልህን ዋጋ አትመን፤ «የአድዋ ቅርስ» እያለ ነው የሚያሻሽጠው። ካርካኖ እጅግ በብዛት የተሠራ መሣሪያ ነው። በቅርብ ዓመታትም ከእኛው አገር የወጣ አሮጌ ካርካኖ፣ ቬተርሊና ውጅግራ አሜሪካ ድረስ ተሽጧል፤ ስለዚህ ለአሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢ ብርቅ አይሆንበትም። ይበልጥ የሚፈለገው ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅግ ያስመጡት፣ የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸበት ማውዘር ነው። ያንተን ከፍ የሚያደርገው ሳንጃው ሳይጠፋ መቆየቱ፣ ጽሕፈቱ መነበቡና ሰደፉ የቀጠነበት ቦታ ላይ ያለው ጠፍር ነው። እንጨቱ ተሰንጥቆ ነበር፤ አንድ ባለሙያ እርጥብ ቆዳ ጠምጥሞ ሰፍቶታል፣ ሲደርቅ ጨምድዶ ይዞታል። «በአዲስ እንጨት ልቀይርልህ» የሚል ቢመጣ እሺ እንዳትል። ያ ስፌት የወሎ እጅ ሥራ ነው፤ ከብሬሻው ማኅተም ይልቅ እኔ የምጓጓለት እሱን ነው።

አሁን የምታደርገው፦ አፈሙዙን ወደ ሰው ሳታዞር ማቀባበያውን ስበህ ጥይት አለመጉረሱን አረጋግጥ። ማቀባበያው ከደረቀ በጉልበት አትታገለው፣ የሚያውቅ ሰው ጥራ። ብረቱን ዘይት በነካ ጨርቅ ቀስ ብለህ ጥረገው፣ እንጨቱን በደረቅ። እንዳትተኩስበት። ፈቃድ ከሌለው ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መያዙም መሸጡም ያስጠይቃል፤ ለገዢ ከማሳየትህ በፊት ከቤተሰብህ ሽማግሌ ጋር ፖሊስ ዘንድ ሄደህ ጠይቅ። ጠመንጃውን ይዘህ ሳይሆን ፎቶውን ይዘህ ሂድ። ከሰደፉ ግርጌ ያለውን ቁጥርም በቀን ብርሃን አንስተህ ላክልኝ፤ ከቱቦው ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን አይቼ እነግርሃለሁ።