ጠይቁን፦ ተሸናፊው ሳንቲም ሆኖ የሚበተንበት የፍቅር ፊልም

ጥያቄ፦ ሐዋሳ የምንኖር አምስት ጓደኛሞች ነን። እንደ ቪዲዮ ጌም የተሠራውን «ስኮት ፒልግሪም ቨርሰስ ዘ ወርልድ» የሚለውን ፊልም አይተን በዚያ ዓይነት የ8 ደቂቃ የፍቅር ፊልም በስልክ እየሠራን ነው። ልጁ የሚወዳትን ልጅ የቀድሞ ፍቅረኞች አሞራ ገደል ላይ ተራ በተራ ይገጥማል፤ የተሸነፈው ሳንቲም ሆኖ ይበተናል። ቡጢያችን የውሸት መሆኑ ያስታውቃል፣ በስክሪኑ ላይ የምንጽፈው ፊደል ይደበዝዛል፣ ማታ ካፌ ውስጥ የቀረጽነው ላይ ደግሞ ጥቁር መስመር ይንሸራተታል።

መልስ፦ መስመሩ ቀላሉ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ፈካ ደብዘዝ ይላል። ስልካችሁ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል)፣ በ1/60 ሰከንድ ሹተር (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ሲቀርጽ ከዚያ ምት ጋር አይገጥምም። ሹተር በእጅ የሚስተካከልበት የካሜራ አፕ ጭናችሁ 25 ፍሬም፣ ሹተር 1/50 አድርጉ። ቀስ ብሎ እንዲታይ ለምትፈልጉት ድብድብ 50 ፍሬም በ1/100 ይሁን።

ቡጢው የሚጋለጠው ካሜራው ከጎን ሲቆም ነው፤ በጡጫውና በፊቱ መካከል ያለው ክፍተት ፍንትው ብሎ ይታያል። ካሜራውን ከአንደኛው ተደባዳቢ ትከሻ ኋላ አቁሙት። ጡጫው ከተመቺው ፊት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ፊቱን ከካሜራው ለቅጽበት ጋርዶ ይለፍ። ጥቂት ርቃችሁ በ2x ሌንስ ብትቀርጹ ርቀቱ የበለጠ ይጠፋል። ተመቺው ጭንቅላቱን የሚያዞረው ጡጫው ፊቱን ሲሻገር እንጂ ቀድሞ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ኤዲት ስታደርጉ ምቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አንድ ነጭ ፍሬም አስገቡ፣ ቀጥሎ ያለውን ምስል ለ3 ፍሬም አቁሙት፣ ከዚያ ይቀጥል። የጌም ቡጢ ክብደት ያለው የሚመስለው በዚህች ቆም ማለት ነው። ድምፁ ነጩ ፍሬም ላይ ይውደቅ፤ ትንሽ ከዘገየ ምቱ ይሞታል። ብልጭታው ግን በሰከንድ ከ3 እንዳይበልጥ አደራ፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ተመልካች ሊጎዳ ይችላል።

ፊደሉ የሚደበዝዘው ትንሹን ሥዕል ኬፕከት (የቪዲዮ ኤዲቲንግ አፕ) ውስጥ ስለምታሳድጉት ነው። ፒስክል በሚባለው በነጥብ (ፒክስል) መሣያ ፕሮግራም ላይ በ320 በ180 ነጥብ ሸራ ሣሉና እዚያው 6 እጥፍ አሳድጋችሁ አውጡት፤ ልክ 1920 በ1080 ይመጣል። አምስት ተኩል እጥፍ ከሆነ አንዳንዱ ነጥብ ይወፍራል፣ አንዳንዱ ይቀጥናል። የላቲን ፊደል 8 በ8 ነጥብ ይበቃዋል፤ «ጭ» እና «ቋ» ግን በዚያ ይጨማለቃሉ። 16 በ16 ስጧቸው። በዚህ መጠን አንድ መስመር 20 ፊደል ብቻ ይይዛልና «ጯ!» ወይም «ዷ!» ብላችሁ እለፉ።

ለሳንቲሙ ስልኩን ትራይፖድ ላይ አስሩ፣ ፎከስና ኤክስፖዠር (የብርሃን መጠን) ቆልፉ። ተዋናዩ ሲወድቅ ቅረጹ። ከዚያ ካሜራው ሳይነካ ተዋናዩ ይውጣና እዚያው ቦታ ላይ 40 ያህል ባለ 1 ብር ሳንቲም ከደረት ከፍታ ልቀቁ። ሁለቱን በነጭ ፍሬም አገናኟቸው። ሣርና አሸዋ ሳንቲሙን ይውጣሉ፣ ድንጋይ ንጣፍ ምረጡ። አሞራ ገደል ላይ ትልቁ ችግር አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ናቸው፦ ቆመው የነበሩት በአንድ ጊዜ ቦታ ቀይረው ይታያሉ። ካሜራውን ወደ መሬት አዘንብሉት።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ኤድጋር ራይት በ2010 እ.ኤ.አ. በሠራው በዚያ ፊልም ዋናው ገጸ ባሕርይ ስኮት መጀመሪያ «የፍቅር ኃይል» የሚባል ሰይፍ ያገኛል፤ ቢሆንም ይሞታል። ተጨማሪ ነፍሱን ተጠቅሞ ሲመለስ የሚያሸንፈው በሌላ ሰይፍ ነው፤ ያም «ራስን የማክበር ኃይል» ነው። የጌሙ ምልክት ልጁ ውስጥ ምን እንደተለወጠ ይነግረናል። እናንተም ስክሪፕቱ ላይ ከእያንዳንዱ የጌም ውጤትና ሳንቲም ጎን በልጁ ላይ የተለወጠውን ጻፉ። የምትጽፉት ካጣችሁ ያን ምልክት አውጡት።

ጥያቄ፦ ከመካከላችን አንዷ «ልጅቷ ሽልማት ብቻ ሆናለች» ትላለች። እውነቷን ነው?

መልስ፦ እውነቷን ነው፣ ስሟት። ፊልሙ በተመሠረተባቸው፣ ብራያን ሊ ኦማሊ ከ2004 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ስድስት የኮሚክ መጻሕፍት ስኮት የሚወዳት ራሞና የራሷ ፍርሃትና ሽሽት አላት። ፊልሙ ይህን ሁሉ 112 ደቂቃ ውስጥ ሲያስገባ ብዙውን አጥቷል፤ ቢሆንም ራሞና ራሷ መዶሻ ይዛ የምትዋጋበት ትዕይንት አለ። ስኮት ከሌላዋ ልጅ ከናይቭስ ጋር የሚቀርበት መጨረሻም ተቀርጾ ነበር፣ በኋላ ተቀየረ። በ8 ደቂቃ ውስጥ ለልጅቷ አንድ ውሳኔ ይበቃታል፣ ከመጨረሻው ድብድብ በፊት ግን ይሁን። ለምሳሌ ሁለተኛውን ውጊያ ራሷ ታስቁመው፣ ምክንያቷንም ትናገር። ከድሉ በኋላ «እሺ» ብቻ ካለች ሽልማትነቷ ይቀራል ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ የታወቀ ጌም ሙዚቃ ብናስገባስ?

መልስ፦ አይሆንም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብትን ይጠብቃል፤ የፊልሙ ዳይሬክተር ራይትም «ዜልዳ» የተባለውን ጌም ሙዚቃ የተጠቀመው የጌሙን ባለቤት ኒንቴንዶን አስፈቅዶ ነው። ሙዚቃ መሥሪያው ቢፕቦክስ በነፃ በብራውዘር ይሠራል። የጥንቶቹ የኒንቴንዶ ጌሞች ድምፅ በዋናነት ሁለት ካሬ ሞገድ፣ አንድ ሦስት ማዕዘን ሞገድና አንድ ሹሽታ ነው፤ በእነዚህ አራት ብቻ ሥሩ። ዜማውን በባቲ ወይም በአንቺሆዬ ቅኝት ብትሞክሩት የራሳችሁ ይሆናል። ለሳንቲሙ ሁለት አጫጭር ኖታ በቂ ነው፣ ሁለተኛው ከፍ ይበል፤ ንግግር ካለበት ሥር ሲገባ ድምፁን 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጉት።