ግቢው ጠባብ፣ ዛፉ ሰፊ፦ ስለ መግረዣ መሳሪያ ጠይቁኝ

ዛፍ ስገርዝ ብዙ ዓመቴ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ በቤትና በአጥር መሃል የተወተፈ ነው። ጠይቁ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥ፦ አንድ ብቻ ግዛ ብትባል?
መ፦ ታጣፊ የእጅ መጋዝ። ምላጩ 20 ሳንቲሜትር አካባቢ ይበቃል፣ ስትስበው የሚቆርጥ ይሁን፣ ምክንያቱም ጀርባህ ግድግዳ ነክቶ መግፋት አይመችም ቀጭን ምላጭም ሲገፋ ይጣመማል።

ጥ፦ ባለረጅም እጀታው መቀስ አይሻልም? ጉልበት ይቆጥባል ሲሉ ሰምቼ
መ፦ ሜዳ ላይ አዎ። ግን እጀታው ለመከፈት ግራና ቀኝ ቦታ ይፈልጋል እኮ! አንዴ በመስኮትና በዛፍ መሃል ገብቼ ስከፍተው ክርኔ መስታወቱን ጓ አደረገው፣ ደግነቱ አልተሰበረም። አሁን ሳልገዛ በፊት ሙሉ ከፍቼ አያለሁ።

ጥ፦ ትንሹ መቀስስ? አንዱ ስለቱ አልፎ ይሄዳል፣ ሌላው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ያርፋል
መ፦ ለእርጥብ ቅርንጫፍ የሚያልፈው። ሌላኛው ይጨፈልቃል፣ ለደረቀ ጭራሮ ግን አሪፍ ነው። ውፍረቱ ከ2 ሳንቲሜትር ካለፈ አትታገል፣ መቀሱን ማወዛወዝ ከጀመርክ መጋዝ አውጣ በቃ።

ጥ፦ ወፍራም ቅርንጫፍ ስቆርጥ ልጡ እስከ ግንዱ ተገሽልጦ ወረደ፣ መጋዜ ነው ችግሩ?
መ፦ አረ አቆራረጡ ነው። ከግንዱ 30 ሳንቲሜትር ያህል ራቅ ብለህ መጀመሪያ ከስር ሩቡን ያህል ቁረጥ፣ ከዛ ትንሽ ወጣ ብለህ ከላይ፣ ክብደቱ ሲወርድልህ የቀረችውን ጉቶ ትቆርጣለህ። እዛ ጋ ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲወጣ አበጥ ያለች ቀለበት አለች፣ እሷን ሳትነካ ልክ ከውጪዋ። ቁስሉን የሚዘጋው ከሷ ነው የሚነሳው። ቀለም ምናምን አትቀባ። ስር ጣራ ካለ ደግሞ ከጫፍ ጀምረህ እጅህ በሚችለው ቁራጭ እያወረድክ ና፣ ይሄን የምለው ብዙ የተጎዳ ቆርቆሮ ስላየሁ ነው 😅

ጥ፦ መሰላል ወይስ ዘንግ ያለው መጋዝ?
መ፦ ዘንግ፣ እግር መሬት ላይ። መነጽር አድርግ፣ ብናኙ ቀጥታ አይን ውስጥ ነው። አጠገቡ የመብራት ሽቦ ካለ ግን ዘንጉ ምንም ይሁን አትሞክር፣ ለመብራት ሰራተኞች ተወው።

ጥ፦ መሳልስ?
መ፦ ስለቱ አልፎ የሚሄደውን መቀስ ስለቱ ባዘነበለበት ጎን ብቻ፣ ከሁለቱም ወገን ከሳልከው መሃሉ ይከፈትና ቅጠል ሳይቀር ያኝካል። የታጣፊ መጋዝ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ሞረድ አይዘውም፣ ስለዚህ ስትገዛ ምላጩ የሚቀየር መሆኑን ጠይቅ።