ሎደሩ ከመምጣቱ በፊት ያለው ሥራ

«ደሴ ላይ 300 ካሬ ተዳፋት ግቢ አለኝ፤ ሎደር ተከራይቼ ራሴ ላስተካክለው ነው፤ የትኛው ማሽን ይሻለኛል፣ ስንት ሰዓትስ ይፈጃል?» ላልከው ወንድሜ፣ አብሽር፣ ይቻላል። እኔ ኮምቦልቻ ያለውን ግቢዬን ሁለት ጊዜ አስተካክያለሁ። ሁለት ጊዜ የሆነው የመጀመሪያው ስለተበላሸ ነው።

መሪውን ራስህ ለመያዝ ካሰብክ ተወው። ልዩ መንጃ ፈቃድ ይፈልጋል፤ አከራዩም ማሽኑን ከነኦፕሬተሩ ነው የሚልከው። «ራሴ» ማለት ፎርማኑ አንተ ነህ ማለት ነው።

ላንተ ግቢ ከፊት አካፋ፣ ከኋላ መቆፈሪያ ያለው ባለ ጎማው ባክሆ ሎደር ይበቃል። በራሱ እየነዳ ይመጣል። ባለ ሰንሰለቱ ኤክስካቫተር (ትልቁ መቆፈሪያ ማሽን) በሎቤድ፣ ማለትም ማሽን በሚጭን ዝቅ ባለ ተሳቢ፣ ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ ደርሶ መልሱ ካንተ ኪስ ነው። ቋጥኝ ካላጋጠመህ አትጥራው። በርህንም ለካ። ባክሆ ስፋቱ ወደ 2.40 ሜትር ነው፣ ክንዱ ታጥፎም ከፍታው 3.60 አካባቢ ይደርሳል። የደሴ ቅያስ ውስጥ የመብራት ሽቦ እንዴት ዝቅ ብሎ እንደሚንጠለጠል መቼም ታውቀዋለህ።

ኪራዩ በሰዓት ነው። አንተ ቆመህ ስታስብም ይቆጥራል። ስለዚህ ከፍታው ቀድሞ በችካልና በሲባጎ ያልቅ። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው። ውሃ በሞላ ላስቲክ ቱቦ ነበር የለካሁት። ሁለቱን ጫፍ ይዘህ ከችካል ችካል ትዞራለህ፤ ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ይቆማል። ሸጋ ዘዴ ነው። የኔ ቱቦ ግን መሃሉ ላይ አረፋ ነበረበት፣ አላየሁትም። ችካሎቹ 12 ሳንቲም ያህል ተዛነፉ። ኦፕሬተሩ ምን ያድርግ፣ ባሳየሁት ሄደ። ሐምሌ ላይ የግቢው ውሃ ሁሉ ወደ ማድ ቤት ደጃፍ ዞረ። እናቴ ጀበናዋን ታቅፋ ወደ ሳሎን ስትሰደድ ነው ነገሩ የገባኝ። አንተ ከመለካትህ በፊት ሁለቱን ጫፍ ጎን ለጎን አቁም። ውሃው እኩል ካልሆነ አረፋ አለ፤ አፍስሰህ እንደገና ሙላ።

ከቤቱ ግድግዳ ጀምሮ በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ 15 ሳንቲም ይውረድ። ከዚያ ወዲያ በሜትር 2 ሳንቲም ይበቃል።

አፈሩንም ቀድመህ አስላ። 300 ካሬውን በአማካይ 30 ሳንቲም ብታወርደው 90 ሜትር ኩብ ነው። አፈር ተቆፍሮ ሲፈታ ይበዛል፤ ሩቡን ጨምርበት፣ 112 ገደማ ይሆናል። 16 ሜትር ኩብ ለሚጭን ሲኖትራክ 7 ምልልስ ነው። መድፊያው ሩቅ ሆኖ አንድ ገልባጭ ብቻ ካለህ ሎደሩ ተገትሮ ሲጠብቅ ይውላል። የኔ ብር ያለቀው እንደዚያ ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ 17 ሰዓት ከፈልኩ፣ በሁለተኛው 9።

ተዳፋት ስለሆነ ከላይ የቆረጥከውን ታች ልትሞላበት ትችላለህ። አፈሩ ዋልካ፣ ማለትም የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር፣ ከሆነ ግን አይሆንም፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ያኔ ገረጋንቲ፣ ጠጠር የተቀላቀለበት የሙሌት አፈር፣ አስመጣ። ሙሌቱን በአንዴ አታስደፋው። በ20 በ20 ሳንቲም እያነጠፍክ፣ ውሃ እያርከፈከፍክ አስጠቅጥቀው። የጎረቤት አጥር ሥር ደግሞ ድርሽ እንዳትል፤ መሠረቱ ከተራቆተ ጣጣው ያንተ ነው።

ናፍጣው በማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። ጠዋት ሥራ ሲጀመር የማሽኑን ሰዓት ቆጣሪ በስልክህ ፎቶ አንሳው። አርብ አትጀምር፤ ጁምዓ አለ፣ ሥራው መሃሉ ላይ ይቆረጣል።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። የላይኛውን ለም አፈር፣ 15 ሳንቲም ያህሉን፣ መጀመሪያ አስገፍፈህ ጥግ ላይ አስከምረው። ጌሾም ጎመንም የሚበቅልልህ በሱ ነው። የገልባጩ ሹፌር «ይቺን ላንሳልህ?» ይልሃል። ሻይ ጋብዘውና እንቢ በለው።