«ሲነካኝ እንኳ ሥራ ላይ ያለሁ ይመስለኛል»

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ክለብ ውስጥ ልብሴን እያወለቅኩ እደንሳለሁ። መጀመሪያ ሁሉም ሲያየኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ገንዘቡም አይከፋም። አሁን ግን መስታወት ፊት ስቆም የሚታየኝ ጉድለቴ ብቻ ነው። ፍቅረኛዬ የሚያውቀው አስተናጋጅ እንደሆንኩ ነው። ሲነካኝ ሰውነቴ እንደ ሥራ ሰዓት ፈገግ ይላል፣ እኔ ግን የለሁበትም። ችግሩ ሥራው ነው ወይስ እኔ?
ግራ የገባኝ

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አልሆንሽም። «ይሄ ሥራ የነካትን ሁሉ ያበላሻል» የሚሉሽንም «ነፃነት ነው፣ ምን አለበት» የሚሉሽንም ለጊዜው ተያቸው። ጭብጨባው በራስ መተማመን የሚሰጣት ሴት አለች። ግን ያቺው ሴት ገበያ በቀዘቀዘበት ሌሊት «አስጠላሁ ማለት ነው» ብላ ታድራለች። ገቢሽ ቲፕ ሲሆን፣ በዚያ ላይ በብዙ ክለቦች እንደሚደረገው ለመደነስ ራስሽ ለክለቡ ስትከፍዪ፣ የሌሊቱ ሒሳብ የመልክሽ ማርክ ይመስልሻል። ደንበኛው እኮ ኪሱ ባዶ ሆኖ ይሆናል!

የመስታወቱ ነገር ያንቺ ብቻ አይደለም። ባርባራ ፍሬድሪክሰንና ቶሚ አን ሮበርትስ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1997 እንደጻፉት፣ እንደ ዕቃ የምትታይ ሴት ውሎ አድሮ ራሷንም በተመልካች ዓይን መመልከት ትጀምራለች፣ ኀፍረትና ጭንቀት ይከተላል። ዳንሰኛ ያልሆነችም ይደርስባታል፤ አንቺ ግን በየማታው ትለማመጂዋለሽ።

ፈገግታውስ? አርሊ ሆክሺልድ የተባለች የሶሺዮሎጂ ምሁር የበረራ አስተናጋጆችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳየችው ይህንኑ ነው፦ ስሜቱን ለደሞዝ የሚያሳይ ሰው የራሱ የሆነው የቱ እንደሆነ ሊጠፋበት ይችላል። ስለዚህ ፍቅርሽ አልቋል ብለሽ አትቸኩዪ። ከሥራ ስትገቢ ታጠቢ፣ ልብስ ቀይሪ፣ ብቻሽን ትንሽ ተቀመጪ። ደስ ካላለሽ «ዛሬ አትንካኝ» በዪ፤ ቤትሽ ውስጥ ማስመሰል የለብሽም።

በእኔ እይታ ግንኙነታችሁን ከዳንሱ ይልቅ እየበላው ያለው ውሸቱ ነው። የት እንዳመሸሽ በየቀኑ እየፈጠርሽ እንዴት ዘና ብለሽ ትታቀፊያለሽ? ንገሪው። ሊሄድ ይችላል፣ አልደብቅሽም። ቁጡ ከሆነ ወይም እጁን አንስቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ ግን ብቻሽን አትንገሪው፤ መጀመሪያ የምታምኛት ሰው ትወቅ፣ የምታድሪበትም ይዘጋጅ። በገንዘብሽ እየኖረ በሥራሽ የሚሰድብሽ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ከመተውሽ በፊት እሱን ተዪው።