በስፓኒሽ ማከምን ስለመማር፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱ ስፓኒሽ ያወራል። ስለዚህ የሕክምና ተማሪዎችን በስፓኒሽ ታካሚ እንዲያዩ ማሰልጠን እዚህ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ተማሪዎቹን ዋርድ ላይ አሰለጥናለሁ። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ በደንብ ጠየቃችሁ።

ዶክተር፣ ልጄ ዘንድሮ ሜዲካል ስኩል ገብታለች። ስፓኒሽ ግዴታ ነው እንዴ?

አይደለም እናቴ፤ አብዛኛው ቦታ በምርጫ ነው የሚወሰደው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በወጣ አገር አቀፍ ዳሰሳ፣ መልስ ከሰጡ 125 ትምህርት ቤቶች 98ቱ የስፓኒሽ ፕሮግራም አለን ብለዋል። መሠረታዊ መስፈርቶቹን በሙሉ ያሟሉት ግን 21 ብቻ ናቸው። እና ልጅዎ «አለ ወይ?» ብላ አትመለስ። ማን ነው የሚያስተምረው? ክሬዲት አለው? መጨረሻ ላይ ይፈትናሉ? ብላ ትጠይቅ።

ቃላት ማሸምደድ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው?

ቃላቱማ ይያዛል። ከባዱ ሰው ፊት ተቀምጦ ማውራቱ ነው። ለዚህ ታማሚ ሆነው የሚተውኑ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ይቀጠራሉ። ተማሪው በር ያንኳኳል፣ ራሱን ያስተዋውቃል፣ የሕመሙን ታሪክ ይጠይቃል። እኛ በቪዲዮ እያየን እንገመግመዋለን።

መጀመሪያ የምንይዛቸው አክብሮት ላይ ነው። ስፓኒሽም እንደኛው አንተና እርስዎ አለው። የሰባ ዓመት ሴት «ዶንዴ ሌ ዱዌሌ?» መባል ሲገባቸው «ዶንዴ ቴ ዱዌሌ?» የሚላቸው ተማሪ አለ። «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» እንደማለት ነው። ሴትዮዋ አይቆጡም፤ መልሳቸውን ብቻ ያሳጥራሉ። ሊናገሩት የነበረው ነገር እዚያው ይቀራል።

ሌላው፣ መድኃኒት ካዘዙ በኋላ «ገባዎት?» ማለት እኔ ጋ ክልክል ነው። ሁሉም ሰው «ሲ፣ ዶክቶር» (አዎ፣ ዶክተር) ብሎ ይወጣል። «ቤት ሲደርሱ እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ ለኔ ይንገሩኝ» ነው የሚባለው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ የተባለው ክኒን ሁለቱም ጠዋት ሊዋጥ እንደነበር የምትሰሙት ያኔ ነው።

ትንሽ ስፓኒሽ ያለው ከምንም ይሻላል አይደል?

አይሻልም። ምንም የማይችለው አስተርጓሚ ይጠራል፣ በደንብ የሚችለው ራሱ ያወራል። እኔን የሚያስፈራኝ መሃል ላይ ያለው ነው። ጥያቄውን አሳምሮ ይጠይቃል። ታካሚው «ይሄማ ይችላል» ብሎ እንደ ጎርፍ ይለቀዋል። ተማሪው ግማሹን ይይዛል፣ ግማሹን በግምት ይሞላል፣ እሺ እሺ እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ግምቱ ነው።

ስለዚህ ከኮርሱ እንዲይዙልኝ የምፈልገው ስፓኒሻቸው የት ላይ እንደሚያልቅባቸው ማወቅን ነው። ሰላምታ፣ ማረጋጋት፣ ቀላል ጥያቄ በራሳቸው ይሂዱበት። ለቀዶ ጥገና ማስፈረም፣ ካንሰር መሆኑን መንገር፣ የመድኃኒት መጠን መቀየር ላይ ግን የቋንቋ ምዘና ያላለፈ ሰው ያስተርጉሙልኝ ይበል። አያሳፍርም።

የታካሚው ልጅ ብታስተረጉምስ?

እኛም ቤት የተለመደ ነው፤ አያትን ሐኪም ጋ ይዞ የሚሄደው የአሥር ዓመቱ ልጅ ነው። የ2010ሩ (እ.ኤ.አ.) የጤና ሕግ በተለምዶ ኦባማኬር የሚባለው ነው። በሱ ሥር የወጣው ደንብ ድንገተኛ ካልሆነና ሌላ ሰው ካልጠፋ በቀር ሕፃን አስተርጓሚ ማድረግን ይከለክላል። አዋቂ ዘመድም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። በ2012 የወጣ አንድ ጥናት በማሳቹሴትስ ሕፃናት ድንገተኛ ክፍሎች የተደረጉ ንግግሮችን መርምሯል። ከተገኙት ስህተቶች ታካሚ ሊጎዱ የሚችሉት ባለሙያ አስተርጓሚ ሲኖር 12 በመቶ ነበሩ። ያገኙት ሰው ሲያስተረጉም 22፣ ማንም ሳይኖር ደግሞ 20 በመቶ። ያገኙትን ሰው መያዝ ከባዶ አልተሻለም ማለት ነው።

ቤታቸው ስፓኒሽ እያወሩ ያደጉ ተማሪዎችስ?

ጆሯቸው ግሩም ነው። ስለ ኩላሊት ወይም ስለ ወር አበባ በወግ ማውራት ግን ቤት ውስጥ አልተማሩም፤ ኮርሱ ለነሱም ያስፈልጋል። ደግሞ ይበዘብዟቸዋል። «ና እስቲ አንዴ አስተርጉምልኝ» እየተባለ ራውንዱ (ታካሚዎችን እየዞሩ ማየቱ) ሳያልቅ ሦስት ክፍል ይጎተታሉ። እሱ ሥራ ነው፣ ባለሙያው ይከፈልበታል።

ባህሉንስ ያስተምራሉ?

ማስተማር አለባቸው። ለምሳሌ ኤምፓቾ የሚባል አለ። ምግብ ሆድ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ ተብሎ የሚታመንበት ሕመም ነው። ምች መታው፣ ቡዳ በላው ሲባል ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንም። ተማሪው ፈገግ ካለ አለቀ፤ እናትየው ወሬውን ትዘጋለች። ችግሩ አንዳንድ ቤት ለኤምፓቾ ግሬታ የሚባል ቢጫ ዱቄት ወይም አሳርኮን የሚባል ብርቱካናማ ዱቄት ለሕፃን ይሰጣል። ሁለቱም እርሳስ ናቸው፤ የምንጽፍበት ሳይሆን የሕፃን አእምሮ የሚጎዳው መርዘኛው ብረት። «ለኤምፓቾው ምን ሰጣችሁት?» ብሎ ሳይስቅ የጠየቀ ተማሪ የደም ምርመራውን በጊዜ ያዛል።

ዱኦሊንጎ የሚባለው የስልክ ቋንቋ መማሪያ ይበቃል?

ለሰላምታ።

ከላቲን አሜሪካ የመጣ ሁሉ ስፓኒሽ ይችላል?

አይችልም። ከጓቲማላ ማም ወይም ኪቼ፣ ከሜክሲኮ ሚሽቴኮ ተናጋሪ ሆነው የሚመጡ አሉ። ስፓኒሹ የተሰባበረ ሆኖ «ሲ» ብቻ ይላሉ። ኢትዮጵያዊ ሁሉ አማርኛ ይችላል ተብሎ የአማርኛ አስተርጓሚ የተመደበለትን የኦሮምኛ ወይም የትግርኛ ተናጋሪ አስቡት። መጀመሪያ «በየትኛው ቋንቋ ቢሆን ይመርጣሉ?» ይባላል።

ለአማርኛ እንዲህ ያለ ትምህርት ቢኖርስ?

አሜሪካ ውስጥ ተማሪውን ከማሰልጠን ይልቅ ጥሩ የሕክምና አስተርጓሚ ማብዛቱ ያዋጣል፤ አስተርጓሚ ስትጠይቁም ሆስፒታሉ ሊያስከፍላችሁ አይገባም። እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ አገር ቤት ነው። ሕክምና የሚማሩት በእንግሊዝኛ፣ የሚያክሙት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ። ጅማ ወይም ሐዋሳ ላይ አንድ መምህር ታማሚ መስለው የሚተውኑ የአካባቢውን ሰዎች ጠርቶ ቢጀምረው ብዙ ገንዘብ አይፈጅም።